ለዶክተር ነሽአት የጠረብኩት ውልብልቢት

ይቅር ባይ ሰው አይደለሁም። ሚስቴ ኒዕማት ይህን የምታውቀው ገና ከተጫጨንበት ሳምንት ጀምሮ ነው። አንድ ቫርኒሽ ነጋዴ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቫርኒሽ ቢሸጥልኝ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነፍጌዋለሁ፤ ሱቁ ደግሞ ከሱቄ ፊት ለፊት ነበር። ሲሞት ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ አላለቀስኩም እንጂ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ምስኪን» እንዳትሉኝ ነው።

ስሜ አቡልመዓጢ ነው፤ የሚያውቀኝ ሁሉ መዓጢ፣ ደንበኛ ደግሞ «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ ይለኛል። በግብፅ የዱምያጥ ከተማ የወንበርና የአልጋ እግር እጠርባለሁ። ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ የቤት ዕቃ ሊገዛ ወደ እኛ ከተማ ይመጣል፤ የካይሮው የጥርስ ሐኪም ዶክተር ነሽአትም ልጁን ሲድር መጣ። የመኝታ ቤቱን ዕቃ ተስማምተን ሻይ ስንጠጣ ከኮቱ ኪስ አንድ የተሰበረ እንጨት አወጣ። ርዝመቱ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው።

«ኡስታ መዓጢ፣ የዚህን መንትያ ትሠራልኛለህ?»

«ምንድነው እሱ? የማራገቢያ ክንፍ?»

«የአውሮፕላን ውልብልቢት ነው።»

«አብራሪው ማነው ታዲያ፣ ዝንብ?»

ከልቡ ሳቀ። በዚያ ሳቁ ወደድኩት፤ ይህንንም አልደብቅም።

አውሮፕላኖቹ ሰው አይሳፈርባቸውም። ባለቤቱ መሬት ላይ ቆሞ በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ያበራቸዋል። ክንፋቸው ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ከእኔ ቁመት አያንስም። ዳኞች ፊት ይገለበጣሉ፣ በጀርባቸው ይበራሉ፣ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብለው ሽቅብ ይወጣሉ። ሲያርፉ ትንሽ ከተንሸዋረሩ መጀመሪያ የሚሰበረው ውልብልቢቱ ነው። የውጭውን ለማግኘት ደግሞ ያኔ ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ መጠበቅ ነበረበት።

የመጀመሪያውን ልክ እንደ ናሙናው ጠረብኩለት። በሳምንቱ ስልክ ደወለና «ሞተሩ ያቃስታል» አለኝ። ሌላ ጠራቢ ቢሆን «ሞተርህን አስጠግን» ብሎ ይዘጋው ነበር። እኔን ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ።

ነገሩ የሸክም ጉዳይ ነው። ለሞተሩ ሸክሙ ውልብልቢቱ ነው። ውልብልቢቱ ከረዘመ ወይም ጥምዙ ከበዛ ሞተሩ ይከብደዋል፣ ያቃስታል። ካጠረና ከሳሳ ደግሞ ሸክሙን እንዳራገፈ በቅሎ ይፈነጥዛል፤ ጩኸቱ ብዙ፣ ጉልበቱ ትንሽ ይሆናል። የሞተሩ ጭስ ማውጫ፣ ማርሚታውም፣ የራሱ ጠባይ አለው። ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው በአንድ የተወሰነ ዙር ላይ ጉልበት ይጨምርለታል፤ ሞተሩ ከዚያ ዙር ካለፈ መልሶ ይነፍገዋል። ስለዚህ ለዚያ ሞተርና ለዚያ ማርሚታ የሚስማማ አንድ ልክ አለ። ያንን ልክ እስካገኝ ሁለት ዓመትና ሠላሳ ሁለት ውልብልቢት ፈጀብኝ። የሚጠቅመኝን፣ «ዛን» የሚባለውን ጠንካራ እንጨት የምመርጠው በጥፍሬ እየመታሁ ድምፁን ሰምቼ ነበር። በሞረድ፣ በመስታወት ስባሪ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሰውና ሁለቱ ክንፎች እኩል እስኪመዝኑ ድረስ በቀጭን ሽቦ ላይ እያንጠለጠልኩ እፍቀዋለሁ። ሲያልቅ ከጀርባው፣ መሃል ቀዳዳው አጠገብ፣ በጋለ ምስማር ስሜን አትምበታለሁ። መዓጢ።

ዶክተሩ በእነዚያ ውልብልቢቶች ሦስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። በየዓመቱ ሱቄ ጎን ባለው ቡና ቤት ስልክ ይደውልና «መዓጢ፣ አሸነፍን!» ይለኛል። «አሸነፍን» ነው የሚለው፤ «አሸነፍኩ» አይደለም። እኔ ቂሉ ያቺን አንዲት ቃል ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁባት።

አንድ ዓርብ ሳልነግረው ልሂድና ላስደስተው አልኩ። ምሸበክ የሚባለውን የዱምያጥ ጣፋጭ አንድ ካርቶን አስጠቀለልኩ፣ የበዓል ልብሴን ለበስኩ፣ ካይሮ ወርጄ ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው በረሃማ ሜዳቸው በታክሲ ሄድኩ። ዶክተሩን ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ከበውት ደረስኩ። ሞተሩን አስነስቷል፤ አንዱ ሰው በእጁ የያዘውን የዙር መቁጠሪያ ወደ ውልብልቢቱ ደግኗል።

«አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ!» አለ የያዘው።

አጨበጨቡ። እነዚህ ሰዎች ለቁጥር ያጨበጭባሉ፤ ይህን ያኔ በደንብ አየሁ። መሬት ላይ ትልቅ ቁጥር ያወጣ ገና ሳይበር ያሸነፈ ይመስለዋል። ዶክተሩም ጭብጨባውን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ትንሽ ከፍ ለማድረግ የነዳጅ መርፌውን ጠበቅ አደረገ። መርፌው ሲጠብቅ ነዳጁ ይቀጥናል፣ ዙሩም ይጨምራል። አየር ላይ ግን ሸክሙ ስለሚቀል ዙሩ በራሱ ጊዜ ይጨምራልና በቀጠነ ነዳጅ ላይ ያ ሁሉ ዙር ሲታከልበት ሞተሩ ይጠማዋል። መቶ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ለእጄ ሥራ የሚደርሰኝ ጭብጨባ መሆኑን ሳስብ ግን የዚያን ቀን ደስታ ሆዴን ሞላው።

«ዶክተር፣ ይሄ ውልብልቢት ከየት ነው የሚመጣልዎ? እስቲ ለእኛም ያካፍሉን» አለ አንዱ፣ በኋላ ወጊህ መሆኑን ያወቅኩት ቀጭን ሰውዬ።

«ከጀርመን። ሙኒክ አንድ ወዳጅ አለኝ፣ ለእኔ ብቻ ነው የሚልከው» አለ ዶክተር ነሽአት።

ያን ጊዜ አየኝ። ፊቱ ለአፍታ ፈዘዘ፣ ወዲያው ተመለሰ።

«አሃ፣ መዓጢ! መጣህልኝ?» አለና ወደ ሰዎቹ ዞሮ፣ «የቤት ዕቃ ሠሪዬ ነው፣ ከዱምያጥ። ወንበሬን እንዲያይልኝ ጠርቼው» አላቸው። ከመኪናው አንዱ እግሩ የላላ ታጣፊ ወንበር አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። «እስቲ እዚያ ጥላው ጋ ሆነህ ጠበቅ አድርግልኝ፣ ወንድሜ።»

ጠበቅ አደረግኩለት! ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። በበዓል ልብሴ አሸዋው ላይ ተንበርክኬ፣ ለሃያ ሰው ጀርባዬን ሰጥቼ፣ የታጣፊ ወንበር ብሎን አጠበቅኩ። ከአጠገቤ አንድ አሮጌ ውልብልቢቱ ተጥሎ ነበር። አንስቼ ገለበጥኩት። ስሜ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ በላዩ ላይ ብርማ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል። ያመጣሁትን ምሸበክም በሉት፤ «የዱምያጥ ሰው ምሸበክ ብቻ ነው የሚያውቀው» እያለ ያደላቸው ዶክተሩ ነው።

ቤት ስገባ ኒዕማት ፊቴን አይታ ፎጣዋን አስቀመጠች።

«ማን ሞተ?»

ነገርኳት። ሰማችኝና፣ «ታዲያ አሁን ይሄኛውንስ ስንት ዓመት ነው የምትኮርፈው?» አለችኝ።

«አልኮርፍም።»

«በስመአላህ! አመመህ እንዴ?»

«ዋንጫውን ነው የምቀማው። እሱም ከማን እንደተቀማ አገር ያውቃል።»

«መዓጢ፣ እኔ ከአንተ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ቂምህ እንደ እንጨትህ ነው፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ። ዝም ብለህ ፊት ለፊት ለምን አትሰድበውም? ይሻልሃል።»

አልተሻለኝም። ውድድሩ ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር፤ እኔም ሦስቱን ወር በደንብ ተጠቀምኩባቸው።

መጀመሪያ ያን ቀጭን ሰውዬ ፈለግኩት። ኢንጂነር ወጊህ የውሃ ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ እስማዒሊያ ይኖራል። ሞተሩም ማርሚታውም ከዶክተሩ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ በየዓመቱም ሁለተኛ ይወጣል። ቤቱ ሄጄ ከሠላሳ ሁለቱ አንዱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

«የሙኒኩ ወዳጅ እኔ ነኝ» አልኩት።

ገለበጠው፣ ስሜን አነበበ፣ ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ... ወንበር ሲያጠብቁ የነበሩት ሰውዬ?»

«አዎ፣ እሱው።»

«አላህ ይቅር ይበለን፣ ምሸበክዎን በልተናል» አለና ፊቱ ቀላ። ጨዋ ሰው ነው፤ ይህን ዛሬም እመሰክርለታለሁ።

ለእሱ ሠላሳ ሦስተኛውን ጠረብኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከከተማው የመርከብ ቦይ ወዲያ ባለ ባዶ ሜዳ አራት ዓርብ ሞከርነው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣም ቁልቁል ሲወርድም ድምፁ አይቀየርም፤ ገመድ ይዞ የሚስበው ያለ ነው የሚመስለው። በአራተኛው ዓርብ ወጊህ መቆጣጠሪያውን አስቀምጦ እጄን ያዘ። «ኡስታ፣ ካሸነፍኩ ማይክራፎኑን ተቀብዬ ስምዎን እናገራለሁ። ቃሌ ነው» አለኝ። ያን ቃል ይዤ ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰዎች ዞረው አዩኝ።

ለዶክተሩም ጠረብኩለት፤ እንዴት እረሳዋለሁ! የሚሰበር ውልብልቢት መሥራት እችል ነበር፤ አንድ የማይታይ ስንጥቅ ይበቃ ነበር። ግን እሱ ነፍስ ማጥፋት ነው፣ የሚፈነጣጠረው እንጨት የማንን ዓይን እንደሚያገኝ አይታወቅም። እኔ የጠረብኩለት ጤነኛ፣ ቆንጆ፣ ሚዛኑ የተስተካከለ ውልብልቢት ነው። ለዚያ ሞተር የማይሆን ነው እንጂ። አሳጠርኩት፣ አሳሳሁት፣ ሸክሙን አቀለልኩት። መሬት ላይ ዙሩ ከለመደው እጅግ እንደሚዘል አውቃለሁ። ቁጥሩን ሲያይ ጭብጨባ እንደሚያምረው፣ ጭብጨባ ሲሰማ ደግሞ መርፌውን እንደሚያጠብቅም አውቃለሁ። ቀሪውን ራሱ ይሠራዋል። ስሜን ከጀርባው አተምኩበት፤ እንዲፍቀው ነዋ።

በውድድሩ ጠዋት ነበር ያስረከብኩት። «ቫርኒሹ አልደርቅ ብሎኝ ዘገየሁ፣ ዶክተር። አሮጌው ይሻለኛል ካሉ በአሮጌው ይብረሩ» አልኩት። ይህን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ በኋላ ማንም «አንተ አስገደድከው» እንዳይለኝ።

አሮጌውን አሥሮ አስነሳ፤ አሥራ አንድ ሺህ ስምንት መቶ። አዲሱን አሠረ።

«አሥራ ሦስት ሺህ አራት መቶ!»

ሜዳው በጭብጨባ ተናወጠ። ዶክተር ነሽአት ጎንበስ አለ፤ ሁለት ጣቱን መርፌው ላይ አደረገ። ጠበቅ፣ ጠበቅ አደረገው።

«አሥራ ሦስት ሺህ ስምንት መቶ!»

ዕጣው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ወጊህን አወጣ። የዶክተሩ አውሮፕላን ተነሣ። ለጥ ባለው በረራ ደህና ነበር፤ ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ጉልበት ይመስለዋል። ከዚያ ሽቅብ አቀናው። ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ድምፁ እንደ ወባ ትንኝ ቀጠነ፤ አውሮፕላኑ መውጣቱን ትቶ ተንጠለጠለ፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ትን ብሎት ጸጥ አለ። ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አለኝ። ሰውዬው ጎበዝ አብራሪ ነውና እንደምንም አሸዋው ላይ አሳረፈው፤ ጎማዎቹ ግን ተገነጠሉ። ዳኞቹ ወረቀቱ ላይ ዜሮ ሲጽፉ አየኋቸው።

ዶክተሩ አውሮፕላኑን ተሸክሞ ሲመለስ ፊቱ በንዴት ደም መስሏል። በቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

«ይሄ ነው!» ብሎ በጣቱ ደረቴን ወጋ። «ይሄ የወንበር እግር ጠራቢ ነው የገደለኝ!»

ሰው ተሰበሰበ። «ምን አገናኘው? የእርስዎ ከጀርመን አይደል እንዴ?» አለ አንዱ ዳኛ።

«የእስከዛሬዎቹማ ከጀርመን ናቸው! ዘንድሮ ይሄ ሰውዬ ‘እኔም እችላለሁ’ እያለ ቢለማመጠኝ አዘንኩለትና የሱን ሞከርኩ። ይኸው!» ገልብጦ ስሜን ለሁሉም አሳየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይፍቀው። «መዓጢ! አንብቡት! ዱምያጥ አልጋ ትሥራ እንጂ አውሮፕላን ምን አገባት!»

ሳቁ። ሦስት ዋንጫ የሙኒክ ሆኖ፣ አንዱ ዜሮ የእኔ ሆነ። ስሜ እዚያ ሜዳ ላይ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ሰማሁት፤ ሦስት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነበር።

ወጊህ ሰዉን ገፋ አድርጎ መጣ። የእሱ አውሮፕላን አፍንጫው ላይ ሠላሳ ሦስተኛውን አስሮ ተዘጋጅቶ ቆሟል፤ ሞተሩን አሁን አሙቆታል። ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ኡስታ፣ ምንድነው የሆነው? ስህተት ነው አይደል? ልኩን ስተው ነው?» አለኝ። ዓይኑ እየለመነኝ ነው። «ሰው ይሳሳታል። እኔ የእርስዎን እጅ አራት ዓርብ አይቼዋለሁ። ስህተት ከሆነ ምንም አይደለም፤ በእርስዎ ውልብልቢት እበራለሁ፣ ቃሌንም እጠብቃለሁ። ብቻ ‘ተሳስቻለሁ’ ይበሉኝ።»

አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ዶክተሩ ከኋላው ሆኖ፣ «ምን ትጠይቀዋለህ? እጁ ለአልጋ የተፈጠረ ነው፤ ቢፈልግም ከዚህ የተሻለ አይችልም» አለ።

«እኔ አልሳሳትም!» ብዬ ጮህኩ። ሜዳው ሁሉ ሰማ። «የእኔ እጅ አንድ ፀጉር አይስትም! እንዲህ እንዲሆን ነው የጠረብኩት! ዙሩ እንዲያታልልህ፣ መርፌውን እንድታጠብቅ፣ ሽቅብ ስትወጣ እንዲከዳህ! ሁሉንም ለክቼ ነው የሠራሁት!»

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። እኔ ቀና ብዬ ቆምኩ፤ ለአንድ አፍታ ሦስቱንም ዋንጫ በእጄ የያዝኩ መሰለኝ።

ወጊህ ግን ከመሣሪያ ሣጥኑ መፍቻ አወጣ። ወደ አውሮፕላኑ ሄዶ ተንበረከከና ብሎኑን መፍታት ጀመረ። ሮጬ ደረስኩበት።

«ምን ነካህ፣ ኢንጂነር? ያንተ እኮ ትክክለኛው ነው! ራስህ ሞክረኸዋል!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

ፈታው። በጨርቅ ጠርጎ በሁለት እጁ ሰጠኝ፤ መሃሉ ከሞተሩ የተነሳ ገና ትኩስ ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ኡስታ» አለኝ። «ለስህተት ግድ አልነበረኝም። እርስዎ ግን ቂምዎን እንጨት ላይ የሚጠርቡ ሰው ነዎት። እኔ ደግሞ ነገ በምን እንደማስቀይምዎ አላውቅም።»

ከሣጥኑ አንድ የውጭ አገር ውልብልቢት አውጥቶ አሠረና አውሮፕላኑን አበረረ። አንደኛ ወጣ። ማይክራፎኑን ሲቀበል እናቱን አመሰገነ፣ የውሃ ድርጅቱንም አመሰገነ።

ሲበር ግን ከአጥሩ አጠገብ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ጥምዙ ጥቂት በዝቶበታል፤ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ትንሽ ያቃስታል። የእኔ ቢሆን አያቃስትም ነበር። ይህን አጠገቤ ለቆመው ሰውዬ ነገርኩት። ሰውዬው እጄ ላይ ያለውን እንጨት አየ፣ ቦርሳውን አነሣና ሄዶ ሌላ ቦታ ቆመ።